በወረታ መጋጠሚያ ላይ ስለ መታጠፍ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የጉማራን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ የፎገራ ሜዳ በግራና በቀኝ ተዘርግቶ ይቀበለዋል። በስተ ግራ ሜዳው ወደ ጣና ሐይቅ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ በክረምት ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ እንደ መስተዋት ያበራል። (ሩዝ በአያቶቻችን ዘመን በዚህ አገር የማይታወቅ እህል ነበረ፤ ዛሬ ግን ከጤፍ ጋራ ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል።) ይህ ሁሉ ዓይንን ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን እኛ ዛሬ ልንናገር የወደድነው በመካከሉ ስለሚያልፈው መንገድ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ባጥለቀለቁት ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። ውኃ በበዛበት ወራት ደረቅ ቦታ የሚገኘው ከፍ ባለው መንገድ ላይ ነውና፥ እረኛውም ላሙም አህያውም ወደዚያው ይወጣሉ። ስለዚህ ጠርዙ ቀይ በሆነ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የላም ሥዕል ያለበት ምልክት በፎገራ እንደ ጌጥ የሚታይ አይደለም። ነጂው ፍጥነቱን አስቀድሞ እንዲቀንስ የሚነግር ነው፤ ላሚቱ ከወጣች በኋላ መቀነስ አይረባምና።

ወረታ ሲደርሱ መንገዱ ይከፈላል። ፊት ለፊት ወደ አዲስ ዘመንና ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ በስተ ቀኝ በደርግ ዘመን የቻይና መንገድ ሠሪዎች የሠሩት መንገድ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ ይደርሳል። ከባሕር ዳር መጥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፍ ሰው ሥራው ቀላል ነው፤ ቀኙን ይዞ ይታጠፋል፥ የሚገባበትን መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛ ቢኖር ግን ያሳልፋል። ከጎንደር የመጣው ግን ወደ ግራ ሲታጠፍ ከፊቱ የሚመጣውን መኪና መንገድ ይቆርጣል። ስለዚህ ቆሞ ማሳለፍ የእርሱ ግዴታ ነው። በችሎት መዝገብ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ቃል «አላየሁትም» የሚል ነው፤ ሳያዩ መታጠፍ ግን ራሱ ጥፋት መሆኑን ተናጋሪው አያስብም።

የምልክቶች ቅርጽ እንዲሁ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። «ቁም» የሚለው ባለ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ቅድሚያ ስጥ የሚለው ደግሞ ጫፉ ወደ ታች የተመለሰ ሦስት ማዕዘን ነው። ሁለቱ ልዩ ቅርጽ የያዙበት ምክንያት፥ ጭቃ ቢሸፍናቸው ወይም በጀርባቸው ቢታዩ እንኳ እንዲታወቁ ነው። ፊደል ያልቆጠረ እረኛም ሊያነባቸው ይችላል።

የትራፊክ መብራት ወዳለበት ከተማ የሚሄድ ነጂ ደግሞ ቀዩን ሲያይ ይቆማል። በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በቀይ መብራት ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ ሲባል ሰምተን ነበር። እውነት ነው፤ ይህ ፈቃድ በ1973 እ.ኤ.አ. የነዳጅ እጥረት ከደረሰ በኋላ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ በየግዛቱ የተስፋፋ ነው። ቢሆንም መጀመሪያ ፈጽሞ መቆም ያስፈልጋል፤ በኒውዮርክ ከተማ ደግሞ የሚፈቅድ ምልክት ካልተተከለ ክልክል ነው። ለበዓል አገር ቤት የሚመጣ ወንድም ይህን ልማድ በሻንጣው ይዞ እንዳይመጣ ቤተ ሰቡ ቢያስታውሰው መልካም ነው።

እስከ 1956 ዓ.ም. በአገራችን መኪና የሚነዳው በግራ ነበር፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ወደ ቀኝ ተዛወረ። ስለዚህ የእግረኛ መንገድ በሌለበት በእግሩ የሚሄድ ሰው ግራውን ቢይዝ የሚመጣበትን መኪና ፊት ለፊት ያየዋል። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ገበያ ሲልኩ ይህን ይንገሯቸው። ከመሸ በኋላ የሚመለስ ነጭ ጋቢውን ከላይ ይደርብ፤ በመኪና መብራት ነጭ ልብስ ከሩቅ ይታያል፥ ጥቁሩ ብርድ ልብስ ግን የሚታየው ከቀረቡ በኋላ ነው።