ከጉባ እስከ ጠረጴዛችን

ውድ አንባቢ፣ አሶሳን ገና አላዩ እንደ ሆነ ካርታዎን ይዘርጉና ጣትዎን ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ይስደዱ። አምቦን፣ ነቀምትን፣ ጊምቢንና መንዲን አልፈው ከባምባሲ ሲወጡ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው መንገድ ከኋላዎ ይቀርና የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ይቀበልዎታል። በአውሮፕላን የሚመጣ መንገደኛ ይህን ሁሉ ምድር ከደመና በላይ ዘልሎት ይደርሳል። እንደ እኔ ያለው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ግን በአውቶቡስ ይመጣል፤ ስለዚህም ወገቡ ቢታመምም አገሩን ያውቃል።

በማንጎ ወራት የመጡ እንደ ሆነ ከተማው በሙሉ ማንጎ ማንጎ ይሸትዎታል። ቀርከሃው አጥርም፣ ወንበርም፣ ቅርጫትም ሆኖ በየደጁ ይታያል። በገበያው ውስጥ የበርታ ቋንቋ፣ ዐረብኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየተቀባበሉ ይሰማሉ። ከወንዝ አሸዋ ወርቅ አጥቦ ማውጣት በዚህ አገር የአባት የእናት ሙያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ሸጎሌ» እያልን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቤኒሻንጉሉ ባላባት ከሼህ ሆጀሌ እንደ ሆነም የተረዳሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው።

የዛሬው ጨዋታዬ ግን ስለ ማንጎም ስለ ወርቅም አይደለም፤ ስለ አንዲት ኮምፒዩተር ነው። «ታዲያ ለምን እስከ አሶሳ አንከራተትኸን?» ይሉኝ ይሆናል። ነገሩ የተጀመረው በታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ላይ ቆመን ሳለ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ይታገሡኝና አብረን ወደ ጉባ እንውረድ።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ፣ እኛም ተማሪዎቻችንን ይዘን ለጉብኝት ሄድን። መኪናው ወይና ደጋውን ትቶ ወደ ቆላው ሲወርድ፣ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ከምድጃ እንደ ወጣ ያህል ይሞቃል። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ ንጋት የተባለው ሐይቅ ሞልቶ የሚቆምበት ልክ ግን 640 ሜትር ነው። ሁለት ተራሮች ዓባይን እንደ ደጃፍ አጥብበው በያዙበት ስፍራ ላይ ግድቡ ተጋድሟል። መሠረቱ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል መስጠት የጀመረው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ 13 ተርባይኖች በድምሩ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። እነዚህን ቁጥሮች በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌአቸው ነበር! ከፊታቸው ሲቆሙ ግን ቁጥሩ ይጠፋና ሰው ዝም ይላል።

ከተማሪዎቼ አንዲቱ የጉባ ልጅ ናት። ሐይቁ ከመሙላቱ አስቀድሞ መንደራቸው ከወንዙ ዳር ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሯል፤ እርሷም አሁን በአሶሳ ከዘመድ ቤት ሆና ትማራለች። ሌሎቹ ፎቶግራፍ ሲነሡ እርሷ ውሃውን ስትመለከት ቆየችና፣ «መምህር፣ ከላይ ያለው ይታያል፤ ከታች ያለውን እንዴት እናየዋለን?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔ የጠየቀችኝ ውሃው በቧንቧ ወርዶ ተርባይኑን እንዴት እንደሚያዞር መስሎኝ፣ «በኮምፒዩተር እንሥለውና ከውስጥ እናየዋለን» ብዬ ቃል ገባሁላት።

ቃል መግባት ቀላል ነው። በነጻ የሚገኘውን ብሌንደር የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም በትምህርት ቤታችን አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ብንጭነው፣ አንዱን ግድግዳ ለማዞር ሻይ ጠጥቶ የመመለስ ያህል ጊዜ ፈጀ። ምክንያቱን ለማስረዳት ደቦን ልጥራልዎ። ፕሮሰሰር ማለት ጥቂት ብርቱ ገበሬዎች ማለት ነው፤ ከባዱን ሥራ ተራ በተራ ይጨርሳሉ። ግራፊክስ ካርድ ግን እያንዳንዳቸው አቅመ ደካማ የሆኑ፣ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ማጭድ የሚያነሡ መቶዎች ናቸው። በስክሪን ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ ቀለሟ ተሰልቶ መታየት ስላለባት፣ ለሥዕል የሚበጀው ደቦው ነው። ኢንቴል ኮር አይ 5-6500 የተባለው ፕሮሰሰር 4 ኮር ሲኖረው፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የተባለው ካርድ 768 አለው።

እንግዲህ ሦስት መምህራን ዕቁብ ገባን። የመጀመሪያው ዕጣ ሲወጣ የትምህርት ዕረፍት ስለ ነበረ፣ ገንዘቡን በጉያዬ አድርጌ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርኩ። ጊዜው ለገዢ የሚመች አልነበረም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። የኮምፒዩተር ዕቃ ደግሞ ሁሉም በዶላር የሚመጣ ነው። ስለዚህ አዲስ ኮምፒዩተር የሚባለውን ሐሳብ ገና ከመነሻው ተውነው።

በቦሌና በመገናኛ የኮምፒዩተር ሱቆች የሚዞር ሰው፣ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው የመጡ ዴልና ኤችፒ ኮምፒዩተሮችን በርከት ብለው ያገኛል። እኛም ከእነዚህ አንዱን፣ በቁሙ ከፍ ያለውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ መረጥን። እዚህ ላይ አንባቢዬ ያስተውሉ፤ ከዚህ ዓይነት ኮምፒዩተር አጭርና ቀጭን የሆነው ኬዝ ቁመተ አጭር ካርድ እንጂ ሌላውን አያስገባም። ፓወር ሰፕላዩም መሰኪያው የራሱ ስለ ሆነ፣ ከገበያ በተገዛ ተራ ፓወር ሰፕላይ በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ ካርድ ከመምረጥ አስቀድሞ ኬዙን ከፍቶ፣ በፓወር ሰፕላዩ ጎን የተለጠፈውን ዋት ማንበብ ግዴታ ነው። የእኛው 240 ዋት ይላል።

ከዚህ በኋላ ያለው የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት፣ ቀሪው ዕቃ በግምት 40 ዋት፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 75 ዋት፤ ድምሩ 180 ይሆናል፤ ይበቃናል። ደላላው «ከዚህ የሚበልጥ ጉልበተኛ ልስጥህ» እያለ ያሳየኝ ባለ 8 ጊጋባይቱ አርኤክስ 580 ግን ብቻውን 185 ዋት ይበላል፤ ድምሩ 290 ይወጣል። ጉልበተኛነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎተራው ሳይበቃ ከብት ማብዛት ይሆናል። ደግሞም 75 ዋት ማለት ማዘርቦርዱ በካርዱ መሰኪያ በኩል ሊሰጥ የሚችለው የመጨረሻው ልክ ስለ ሆነ፣ ከዚህ የማያልፍ ካርድ ተጨማሪ ሽቦ አይጠይቅም።

ደላላው ስለዚያ ካርድ ያልነገረኝ አንድ ሌላ ነገር ነበር። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እስከ መስከረም 2015 ዓ.ም. ድረስ በግራፊክስ ካርድ ይመረት ነበር፤ ያ ሲቀር ሌትና ቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ እንደ ጎርፍ ፈሰሱ። በአገራችን የውሃ ኃይል ተስበው የመጡት የቢትኮይን ኩባንያዎች የሚጠቀሙት ለዚያው ብቻ የተሠራ ሌላ መሣሪያ ስለ ሆነ፣ ከእነዚህ ጋር አይምታታብዎ። እንዲህ ያለ ካርድ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን ፋኑን በጣት አዙሮ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አሠርቶ ሙቀቱን አይቶ መግዛት ይገባል።

ይህን ሁሉ ምክር የምሰጥዎ አዋቂ ስለ ሆንኩ እንዳይመስልዎ። የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። በመጨረሻው ቀን፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ሲል፣ ከአንድ ሱቅ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ካርድ ሳላስፈትሽ ከገበያው ዋጋ ቀነስ ባለ ብር ገዛሁ። ባለ 4 ጊጋባይት ነው ተባልኩ። አሶሳ ደርሰን ስንገጥመው በራ፤ እኛም አጨበጨብን። የግድቡን ግድግዳ መሣል ጀምረን ሥዕሉ እየከበደ ሲሄድ ግን ስክሪኑ ተጨማለቀና ጨለመ። ጂፒዩ-ዚ በተባለው መፈተሻ ፕሮግራም ብንመለከተው፣ «ሐሰተኛ» የሚል ምልክት ከካርዱ ስም ፊት ለጥፎ አገኘነው። ውስጡ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ፣ ትክክለኛ ሜሞሪውም 1 ጊጋባይት ነበር። ያ ቺፕ ለገበያ የወጣው በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ነው፤ የግድቡ መሠረት በተጣለበት በዚያው ወር! እኛ ግድብ ስንሠራ የኖርንበትን ዘመን ያህል ያረጀ ዕቃ፣ ስሙን ቀይሮ እጃችን ገባ።

ወደ ሻጩ ብደውል «ከሱቅ የወጣ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል ይህ ነው። ከሁሉ የከበደኝ ለሁለቱ ባልደረቦቼ መንገር ነበር። አንዱ ምንም ሳይናገር ወጣ። በማግስቱ ግን ተመልሶ፣ «የወርቅ አገር ተቀምጠህ ሳትፈትን ትገዛለህ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቀጣዩን የዕቁብ ዕጣ እስክናገኝ ሦስት ወር ጠበቅን።

ሁለተኛውን ካርድ ስገዛ እነዚህን አልረሳሁም፤ እርስዎም አይርሱ። እውነተኛው 1050 ቲአይ የተሠራበት ቺፕ ቪጂኤ የሚባለውን ሰማያዊውን የድሮ መሰኪያ ከራሱ አያወጣም፤ በጀርባው ላይ ይህን መሰኪያ ካዩ ይጠርጥሩ። የመፈተሻውን ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ ፊት ይክፈቱት። ከባድ ሥዕል ወይም ጨዋታ አስከፍተው ሜሞሪው በእርግጥ እስከ 4 ጊጋባይት መሙላቱን ይመልከቱ። ይህን የሚከለክል ሻጭ ቢያጋጥምዎ፣ አመስግነው ይውጡ።

ስለ ገንዘቡ አከፋፈል የጠየቁኝ እንደ ሆነ፣ ከመቶው ብር 45ቱን ለኮምፒዩተሩ፣ 30ውን ለካርዱ፣ 10ሩን ለኤስኤስዲና ለተጨማሪ ራም፣ 15ቱን ለዩፒኤስ መደብን። ኤስኤስዲው ከሁሉ ርካሽ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከሁሉ በፊት የሚታወቅ ነው። ራሙንም አንድ ባለ 16 ከማድረግ ሁለት ባለ 8 ብናደርገው ሥራው ይፈጥናል። ጨዋታና ከባድ ሥዕል የማይፈልግ፣ ደብዳቤና ሒሳብ ብቻ የሚሠራ የመሥሪያ ቤት ሰው ግን 30ውን ብር በኪሱ ያኑር፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ግራፊክስ ይበቃዋል።

«ግድቡ አጠገባችሁ ሳለ ዩፒኤስ ምን ያደርግላችኋል?» ብለው ይስቁብን ይሆናል። እኛም በሰም በራው ምሽት ይህንኑ እያነሣን እንስቃለን። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ከጉባ የሚነሣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል እስከ ሆለታ ይጓዛል። ከዚያ ታላቅ መስመር በቀጥታ አምፖል አይበራም፤ በየጣቢያው እየተቀነሰ፣ በየሰፈሩ ምሰሶና ትራንስፎርመር አልፎ 220 ቮልት ሆኖ ነው ቤት የሚገባው። ከእነዚህ የአንዱ መበላሸት ሰፈሩን ያጨልማል። ዩፒኤስ ሲገዙም በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቪኤ ዋት አለመሆኑን ይወቁ፤ 650 ቪኤ የሚለው ብዙ ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። ለእኛ ይበቃል፤ ሥራችንን አስቀምጠን በሰላም እናጠፋበታለን።

አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ ሰጠሁ፤ «ከግድቡ ትልልቅ ተርባይኖች አንዱ 400 ሜጋዋት ቢያመነጭ፣ 200 ዋት የሚፈጁ ስንት ኮምፒዩተሮችን ያሠራል?» መልሱ 2 ሚሊዮን ነው። ተማሪዎቹ ቁጥሩን አይተው ወደ አንዲቱ ኮምፒዩተራችን ዘወር አሉ። ኃይሉን አገር ተረባርቦ፣ መንግሥት ሠራተኛውም ከደመወዙ እያዋጣ ገንብቶታል። በዚያ ኃይል የሚሠራበትን ዕቃ መርጦና መርምሮ ጠረጴዛ ላይ ማኖር ግን የእኔና የእርስዎ ድርሻ ነው።

የጉባዋ ልጅ ከሁሉ ቀድማ መሣል ለመደች። ውሃው በቧንቧ ወርዶ ተርባይኑን ሲያዞር የሚያሳየውን ሥዕል በሁለት ሳምንት ጨረሰችው። «እንግዲህ ከታች ያለውን አየሽ» አልኳት። እርሷ ግን ሌላ ፋይል ከፈተች። እናቷን እየጠየቀች የሣለችው ነበር፤ የወንዙ ዳር፣ ወደ ውሃው የሚወስደው ቀጭን መንገድ፣ ሁለት ጎጆዎች፣ አንድ ትልቅ ዛፍ። ሥዕሉን በቀስታ አዞረችውና፣ «እኔ የጠየቅሁዎት ይህን ነበር፣ መምህር» አለችኝ።