የጠፋው ፕላን

ሰሞኑን ከተማሪዎቼ ጋር ሜትርና ደብተር ይዤ የማስተምርበትን ግቢ ስለካ መሰንበቴን ያዩ ባልደረቦቼ «ደግሞ መሬት ልትሸጥ ነው?» እያሉ ቀልደውብኛል። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በግቢያችን በንጉሡ ዘመን የተሠራ አንድ የመማሪያ ሕንፃ «ታደሰ»። በምዕራብ በኩል ፀሐይ የሚከላከሉ የአርማታ ክንፎች ነበሩት፤ ከፊታቸውም ጽዶች ተተክለዋል። እድሳቱ ክንፎቹን ነቅሎ ሰማያዊ መስታወት ገጠመ፤ ጽዶቹንም ቆርጦ የመኪና ማቆሚያ አደረገ። ዛሬ ከቀትር በኋላ በዚያ ክፍል ማስተማር ምጣድ ላይ እንደ መቆም ነው። አስቀድሜ በጽሑፍ ተቃውሜ ነበር። «ክንፎቹ ለጌጥ ያልተሠሩ መሆናቸውን የሚያሳይ ፕላን አምጣ» ተባልኩ። ፕላኑን መዝገብ ቤት ፈልጌ አጣሁት፤ አፌን ይዤ ተመለስኩ። ጡረታ የወጡት አትክልተኛ በኋላ ሳገኛቸው፣ «ዶክተር፣ ጽዶቹን እኮ የተከልናቸው ክፍሉን ጥላ እንዲያደርጉለት ነው» አሉኝ። እሳቸውን ማን ጠየቀ?

ቅርስ ሲባል የሚታየን አክሱም፣ ላሊበላና የፋሲል ግንብ ነው፤ አርማታ ሲሆን «ያረጀ ቤት» እንለዋለን። አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ከአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ጋር ታድሶ በ2024 ዳግም ተከፍቷል (የተባበሩት መንግሥታት ንብረት በመሆኑ ዕድለኛ ነው)። በዩኒቨርሲቲ ግቢም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የካራካሱ በ2000፣ የሜክሲኮው በ2007 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ከነአደባባዮቻቸውና ከነሥነ ጥበባቸው ነው። ወደ ስድስት ኪሎ ብንመጣ፣ ጣልያን የፋሺዝምን ዓመታት ሊቆጥርበት የሠራው ደረጃ አናቱ ላይ አንበሳ ተቀምጦበት እስከ ዛሬ ቆሟል። ታሪኩ ስለሚነገር ማንም ሊነካው አይደፍርም። እዚያው ግቢ በሚገኘው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካነበብነው መካከል ግን ሕንፃውን ማን እንደ ነደፈው የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብዛኞቻችን የጮኽነው ግሬደሩ ከገባ በኋላ ነበር። ያን ጊዜ የልኬት ሥዕልና የተሟላ ፎቶግራፍ በእጃችን ቢኖር ፈራሹ ሁሉ ይተርፍ ነበር አልልም፤ ባለ ሥልጣኑ ግን «ዋጋ የለውም» ለማለት ጥቂት ይቸገር ነበር።

ከግቢያችን ሕንፃዎች ሁለተኛውን ለክተን ጨርሰናል፤ ዛፎቹንም አንድ በአንድ ቆጥረን በካርታ ላይ አስፍረናል። ውድ አንባቢ፣ በየትኛውም የአገራችን ግቢ የተነሣችሁት የቆየ የምረቃ ፎቶግራፍ ካላችሁ እባካችሁ አትጣሉት። ከጋዋኑ ኋላ ምን እንደሚታይ ተመልከቱ፤ በጀርባውም ዓመተ ምሕረቱንና የቦታውን ስም ጻፉበት።