ቅዳሜ ማለዳ በሳሊተ ምሕረት

ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጋቢዬን ደርቤ፣ ከዘራዬን ይዤ እወጣለሁ። የልጅ ልጄ ቀድማኝ በር ላይ የጫማዋን ክር ታስራለች። 13 ዓመቷ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የእኔ ድርሻ ከውሻ መጠበቅ ነው። ውሻ ቢመጣ ሮጣ የምታመልጠው እሷ፣ የምቀረው እኔ መሆኔን ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ከቤታችን እስከ ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን መንገዱ ኮብልስቶን ነው። ነጠላ ያጣፉ እናቶች ኪዳን ለማድረስ ይጣደፋሉ። በሩ ላይ ተሳልመን ወደ ሲኤምሲ አስፋልት እንወርዳለን። እኔ ወደዚህ ሰፈር ስመጣ አብዛኛው ሜዳ ነበር፤ ልጅ እንደልቡ ይሮጥበታል። ዛሬ ፎቁ በዝቶ ለሯጭ የቀረው የአስፋልቱ ዳር ብቻ ነው፤ እሱም ታክሲው እስኪበዛ ድረስ።

አስፋልቱ ላይ ቱታ የለበሱ ቀጫጭን ወጣቶች ተሰብስበው መኪና ይጠብቃሉ። ወደ ሰንዳፋ ለልምምድ የሚሄዱ ናቸው። አንዳንዶቹ ከእኔዋ ልጅ ብዙም አይበልጡም። እሷ እነሱን ስታይ እርምጃዋ ይለወጣል።

እናቷ ይህን አልወደደችውም። «አባዬ፣ ዘንድሮ ሚኒስትሪ አለባት፤ እርስዎ ደግሞ ያበረታቷታል» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

አንድ ምሽት ለሁለቱም የለተሰንበት ግደይን ነገር አነሳሁላቸው። ትግራይ ውስጥ ተማሪ ሳለች በስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም ብላ ከትምህርት ቤት ተባርራ ነበር። የተመለሰችው ለትምህርት ቤቱ ልትሮጥ ተስማምታ ነው። ልጄ ወዲያው ያዘችኝ፦ «እሷን ያባረሯት አልሮጥም ብላ ነው፤ የእኛዋ እኮ መጽሐፍ አላነብም ልትል ነው!» መልስ አልነበረኝም፤ ምሳሌዬን ሳላስብበት ነበር የወረወርኩት።

ግን ቀጠልኩ። ለተሰንበት እ.ኤ.አ. በ2015 በቻይናዋ ጉዪያንግ፣ በ2017 ደግሞ በካምፓላ የዓለም አገር አቋራጭ የወጣቶች ሻምፒዮን ሆነች። በ2020 ቫሌንሲያ ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ14፡06.62 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር 22 ዓመቷ ነበር። በሰኔ 2021 ደግሞ በሆላንድ ሄንጌሎ፣ ሲፋን ሀሰን በዚያው ትራክ የ10 ሺህ ሜትርን ክብረ ወሰን ካሻሻለች ከሁለት ቀን በኋላ፣ ለተሰንበት 29፡01.03 ገባች። በዚያው ዓመት በመጀመሪያ የግማሽ ማራቶን ውድድሯ 1፡02፡52 ሮጠች፤ ከ63 ደቂቃ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ2022 በዩጂን በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ሰማች። ያስቆማት የ2023 የካቲቱ ነው። አውስትራሊያ፣ ባትረስት፤ የአገር አቋራጭ ውድድር። ለተሰንበት ስትመራ ቆይታ ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት ደረሰችባት፤ መጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት ለተሰንበት ወደቀች። በሰው ድጋፍ ተነስታ ብትጨርስም ውጤቷ ተሰረዘ።

«ከዚያስ አባባ?»

«ከስድስት ወር በኋላ ቡዳፔስት ላይ በ10 ሺህ ብር አገኘች። ወርቁን ጉዳፍ ጸጋይ፣ ነሐሱን እጅጋየሁ ታዬ ወሰዱት፤ ሦስቱም የእኛ።»

«አይ፣ የዚያን ቀን ማታስ? ምን አደረገች?»

ይህን ማንም አልነገረኝም። እናቷ ግን ምግብ ማቅረቧን ትታ ልጅቷን አየቻት። ጥያቄው ከሜዳሊያው ይልቅ እሷን ሳይነካት አልቀረም። በማግስቱ «እስከ ፈተናው ቅዳሜ ብቻ፤ ሌላው ቀን ጥናት» ብላ ፈረደች። እኔም ተስማማሁ፤ የመጀመሪያው የዓለም ድል 17 ዓመት ላይ ከመጣ፣ እኛ ገና አራት ዓመት አለን ብዬ። ይህን ግን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ስንመለስ ከአስፋልቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ዳገቱን ብቻዋን ሮጣ ወጣች። እኔ እያለከለክኩ ስደርስ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ ብላለች።

«አባባ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀብኝ?»

ሰዓቴን ማየት ረስቻለሁ።

«ልድገመው?» ብላ መልሴን ሳትጠብቅ ቁልቁል ወረደች።