የኅዳር እሳትና የድኻ ድርሻ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቤትንና ግቢን ጠርጎ ጥራጊውን ማቃጠል በአገራችን የታወቀ ልማድ ነው። የልማዱም መነሻ በ1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌላውም አገር ብዙ ሕዝብ የጨረሰው የኅዳር በሽታ ነው፤ ይህም በዚያው ዘመን በዓለም ሁሉ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በሽታው ካለፈ በኋላም «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ ልማዱ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው።

በላስታ ግን ኅዳር ሌላም መልእክት ይዞ ይመጣል። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የደጋው ብርድ በሌሊት ይበረታል፤ ከወር ተኩል በኋላም ለልደት በዓል ከየአገሩ በእግር የሚመጣው ምእመን ላሊበላን ይሞላታል። ስለዚህ ቤቱን የሚያጸዳ የከተማችን ሰው ሁለት ነገር መለየት ይገባዋል፤ ይኸውም ለእሳት የሚሆነውንና ለሰው የሚሆነውን ነው። እኔ ይህን ሳልለይ ቀርቼ ያፈርሁበትን ነገር ለአንባብያን እናገራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ቀን ከባለቤቴ ጋራ ቤታችንን ስናጸዳ የማንፈልገውን ዕቃ ሁሉ በአንድ ጆንያ ከተትሁት። በውስጡም ቁልፉ የረገፈ ያልታጠበ ካፖርት፥ ጥርቡ የተተረተረ ጋቢ፥ አፉ የተሸረፈ ጀበና፥ መስታወቱ የተሰበረ ፋኖስና ከጥንዱ አንዱ የጠፋ ጫማ ነበረበት። ባለቤቴ «ይህ ለሰው ይሰጣል?» ብትለኝ፥ «ለድኻ ምን ይከፋል?» ብዬ መለስሁላትና ጆንያውን በልጅ አሸክሜ ለጎረቤታችን ለአንዲት አሮጊት መነኵሲት ላክሁላቸው። እርሳቸውም ምርቃታቸውን ላኩልኝ፤ እኔም ምጽዋት የሰጠሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ አደርሁ።

በልደት ዋዜማ እንኳን አደረስዎ ልላቸው ወደ ቤታቸው ገባሁ። ከሩቅ የመጡ ሦስት ተሳላሚዎች እግራቸውን ታጥበው በጠባቡ ወለል ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ አራተኛው ግን ቦታ አጥቶ በደጃፉ በብርድ ኵርምት ብሏል። ወደ ማእዘኑ ብመለከት ያ የእኔ ጆንያ ለአንድ ሰው መተኛ የሚበቃውን ስፍራ ይዞ እንደ ታሰረ ተቀምጧል።

«እማሆይ፥ ምነው አልተጠቀሙበትም?» ብዬ ጠየቅሁ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ ልብሱን እንዳላጥበው ሳሙና የለኝም፤ እንዳልጥለው የአንተ ስጦታ መሆኑን ሰፈሩ ያውቃል፤ በአደባባይ ቢታይ አንተን ያሳፍርሃል ብዬ አስቀመጥሁት» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ የምለው ጠፋኝ። እኔ ቤቴን ያጸዳሁ መስሎኝ የቤቴን ጥራጊ ወደ እርሳቸው ቤት አዛውሬው ኖሯል፤ እርሳቸው ግን የእኔን ክብር ለመጠበቅ የእንግዳቸውን መኝታ አስይዘውበታል። ጆንያውን በራሴ ትከሻ ተሸክሜ ወጣሁ፤ ደጅ የቀረውም ሰው ገብቶ በስፍራው ተኛ።

ሥራዬ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነውና ንብረት ሳይታይና ሳይቆጠር እንደማይረከቡት ዘወትር አውቃለሁ። ያን ዕለት በቤቴ ጆንያውን ፈትቼ እንደዚያው አንድ በአንድ ብቈጥረው ለሰው የሚሆን ካፖርቱና ጋቢው ብቻ ሆነ። እነርሱን በፈላ ውሃ አጠብናቸው፤ ባለቤቴም ቁልፍ ተከለችለት፥ ጥርቡንም ቋጠረችው። ይህም ለውበት ብቻ አይደለም። ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ ፈረንሳዊው ሐኪም ቻርል ኒኮል በቱኒስ ከተማ በ1909 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አስረድቶ፥ በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። በደጋው አገራችን የታወቀው የሚያገረሽ ትኩሳትም እንዲሁ በቅማል ይተላለፋል። ቅማል እንቁላሉን የሚጥለው በልብስ ስፌት ውስጥ ስለ ሆነ፥ በሙቅ ውሃ ያልታጠበ ልብስ ከሙቀት ጋራ በሽታ ሊሰጥ ይችላል። ይህንን በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ ነገር ግን ዕውቀቱን ለራሴ ልብስ እንጂ ለድኻ ልብስ አላዋልሁትም።

ከበዓሉ በኋላ ልብሱን በእጄ ይዤ ሄድሁና ምን እንደ ጐደላቸው ጠየቅኋቸው። የተመኙት ክዳኑ የማያፈስ የውሃ ጀሪካን ብቻ ነበር። በቤታችን ሁለት ነበረን፤ ደህናው ይቅር ብለን ስናስቀምጠው የነበረውን ሰጠናቸው። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን መጥምቁ ዮሐንስ ስለ ሁለቱ ልብስ የመከረውን ሲተረጕሙልን፥ ነገሩ ከሁለቱ አንዱን ስለ ማካፈል እንጂ ያለቀውን ከትከሻ ስለ ማውረድ እንዳልሆነ አሁን ገባኝ።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ቤታችሁን ስታጸዱ ዕቃውን በሦስት ክፈሉት። የተሰበረውንና የበሰበሰውን በራሳችሁ እጅ አስወግዱ፤ ላስቲክና ፕላስቲክ ግን ጢሱ ለሳንባ ጐጂ ነውና ወደ እሳቱ አትጨምሩት። ሊጠገን የሚችለውን ከመስጠታችሁ በፊት ጠግኑ፤ ድኻ የጥገናውን ዋጋ ከየት ያመጣል? ደህናውን ደግሞ አጥባችሁና አጥፋችሁ ለሚፈልገው ሰው በጊዜው ስጡ። ብርድ ልብስ የሚያስፈልገው በኅዳር ነው፤ ደበሎ ለብሶ በደጀ ሰላም የሚያድረውን የቆሎ ተማሪ ውርጩ እስከ ፋሲካ አይጠብቀውም። ማን ምን እንደ ጐደለው ካላወቃችሁም የሰበካውን ካህን ወይም የዕድሩን ዳኛ ጠይቁ፤ ስጦታውም ሰው በተሰበሰበበት አይሁን።

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። ለእሳት የሚገባውን ለድኻ የላከ ሰው ፍትፍቱንም ፊቱንም ነሥቷል፤ እኔም ይህን ያወቅሁት ጆንያዬ የአንድ እንግዳ መኝታ ይዞ ካየሁት በኋላ ነው።