ከእንስራ የተማርነው

ተማሪ በእጁ እየነካ፣ በዓይኑ እያየ፣ ከአካባቢው ኅብረተሰብ ጋር ተሳስሮ ሲማር ትምህርቱ ሥር ይሰዳል የሚል ጽሑፍ በዚህ ግድግዳ ላይ ስንት ጊዜ ተለጥፎ አንብበናል! እኛም ራሳችን ጽፈናል። በፈተና ሲመጣም ጥሩ ነጥብ አግኝተንበታል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ይህንኑ ሐሳብ ይዘን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ ስለ ገጠመን ነገር ነው። የድል ዜና አይደለም፤ ግማሹ ግለ ሂስ ነው። ለማስተማር ልምምድ ልትወጡ የተዘጋጃችሁ ጓደኞቻችን እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳትወድቁ፣ መምህሮቻችንም እንዲያርሙን ብለን ነው የምንጽፈው።

ሰባት ሆነን ከከተማ ወጣ ወዳለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአራት ሳምንት ተመድበን ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ በር ላይ ያሉት ዘበኛ ከእንስራቸው ውሃ ቀድተው ሰጡን። ጥርስ የሚያደነዝዝ ነው! ክፍል ገብተን ተማሪዎቹ ከሚጠጡበት ቢጫ ጀሪካን ብንቀምስ ደግሞ ለብ ያለ ነው። ሁለቱም ውሃ የተቀዳው ከአንድ ምንጭ፣ በአንድ ጧት ነው። ታዲያ የ5ኛ ክፍል ተማሪዎችን «ይህ ለምን ሆነ?» ብለን ጠየቅናቸው። ከፊት የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ ብድግ ብሎ «እንስራው ስለሚያልበው ነዋ!» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን። ማታ ተሰብስበን ስንወያይ ግን ልጁ የተናገረው እውነት መሆኑን፣ እኛም ፕሮጀክታችንን ማግኘታችንን አወቅን።

የሐሳቡ ምንጭ የት እንደሆነ በኮርሱ ተምረናል። ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር በከፈተው ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ እያበሰሉ፣ እየሸመኑ፣ እንጨት እየጠረቡ ሳይንስና ታሪክ ይማሩ ነበር። ኪልፓትሪክ «የፕሮጀክት ዘዴ» የሚለውን ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። በአፍሪካም ጁልየስ ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1967 ትምህርት ራስን ለመቻል መሆን እንዳለበት ጽፈዋል። በአገራችንም በደርግ ዘመን በየአውራጃው የነበሩት የፔዳጎጂ ማዕከሎች ከአካባቢ ቁሳቁስ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ያዘጋጁ ነበር። የ1986 ዓ.ም.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ከኅብረተሰቡ ችግርና ፍላጎት ጋር እንዲያያዝ ጠይቋል። እንግዲህ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በየክፍሉ ለምን አይታይም ሲባል የምንሰጠው መልስ ዕቃ የለም፣ ጊዜ የለም፣ የተማሪው ብዛት አያሠራም የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው። እኛን ያደናቀፈን ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም።

ሥራውን የጀመርነው በመሳሳት ነው። የውሃውን ሙቀት ለመለካት ከጤና ጣቢያ ቴርሞሜትር ተዋስን። እንስራው ውስጥ ብንነክረው፣ ብናወጣው፣ ብናራግፈው ንቅንቅ አይልም። ለካስ የሕመምተኛ ትኩሳት መለኪያ ኖሯል፤ ቁጥሩ የሚጀምረው ከ35 ዲግሪ ነው! ተማሪዎቹ ፊት ያፈርነው እፍረት ቀላል አልነበረም። ኋላ አንዲት ተማሪ «አባቴ እህል የሚሸጥበት ሚዛን አለ» አለች። በዚያ ተገላገልን። በእንስራውና በጀሪካኑ እኩል 10 ሊትር ውሃ ሞልተን ጥላ ሥር አኖርናቸው፤ ከጧቱ 2 ሰዓት መዘንን፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ደግመን መዘንን። ጀሪካኑ አልቀነሰም። የእንስራው ክብደት ግን ግማሽ ኪሎ ያህል ቀንሷል። አንዲት ጠብታ መሬት ላይ አልወረደችም። የሚነካው የእንስራው ጎን ግን እርጥብ ነው።

የቀረው ማብራሪያ ነው። ሸክላ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት። ውሃው በእነዚያ ሾልኮ ወደ ውጭ ይወጣና ይተናል። አንድ ግራም ውሃ ሲተን 580 ካሎሪ ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ይህም 580 ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ነው። የሰው ገላ በላብ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ የሳቅንበትን ልጅ ሰሌዳው አጠገብ አቁመን «ልክ ነህ፣ እንስራው ያልበዋል» አልነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉ ነገር አማረ።

ተማሪዎቹ ግን በዚህ አላበቁም። «ሸክላው ለምን ቀዳዳ ኖረው? ጭቃ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ እንስራ ለምን አይሟሟም?» እያሉ ጠየቁ። እኛም በደስታ «የሚያውቀውን ሰው እንጠይቃለን፤ ሸክላ ሠሪ ወደ ክፍላችን እንጋብዛለን» አልን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥቂት ልጆች ዞረው ከኋላ ወንበር ጥግ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ተመለከቱ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ከሰባታችን ሁለቱ ነገሩ ወዲያው ገብቷቸው ነበር፤ ነገር ግን «ይታለፋል» ብለው ዝም አሉ። የቀረነው አምስታችን ያየነውን እንዳላየን ሆንን።

ቅዳሜ ገበያ ሄደን የልጅቷን እናት አገኘናቸው። ጉዳያችንን አስረዳን። ፈገግ አሉ። «ልጆቼ፣ ገበያ ላይ እንስራዬን ያገላብጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይገዛሉ። ቤቴ ገብተው ግን ውሃ አይቀምሱም። እናንተ ደግሞ ልጆቻቸውን ጭቃዬን ልታስጨብጡ?» አሉን። ቀጥለውም «ለመሆኑ እዚህ ስንት ቀን ትቆያላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ሁለት ሳምንት ይቀረናል፣ እማማ።»

«አያችሁ፤ እናንተ ትሄዳላችሁ። ልጄ ትቀራለች።»

ለዚህ መልስ አልነበረንም። መልስ ሲጠፋን ንግግር ማድረግ ጀመርን። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸውን፣ ዛሬም ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ዘረዘርን። ሴትዮዋ በትዕግሥት ሰሙን። ከዚያም «እሺ፣ ሐሙስ እመጣለሁ» አሉ። እሺ ያሉን ስላሳመንናቸው አልነበረም፤ ከትምህርት ቤት የመጣን ሰው እምቢ ማለት ከብዷቸው ነው። ያኔ አላስተዋልነውም።

ሐሙስ ዕለት ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ የተቦካ ጭቃቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። እኛ ጭቃውን የምናኖርበት ጣውላ አዘጋጅተናል፣ ውሃ አቅርበናል፣ ለ52 ተማሪዎች በቡድን በቡድን ሥራ ደልድለናል። የሚቀመጡበት ወንበር ግን ማዘጋጀት አላሰብንም! የክፍሉ ኃላፊ መምህር፣ ሽበት የጣለባቸው ሰው፣ የራሳቸውን ወንበር ተሸክመው ወጡና «መምህርት፣ ይቀመጡ» አሏቸው። እኛ በሥራ ስለ መማር ስንናገር የሰነበትነው ሰዎች ለእኚህ ሴት «መምህርት» የሚለውን ቃል አላሰብነውም ነበር።

ሴትዮዋ የተሰበረ ሸክላ ተፈጭቶ ከጭቃው ጋር እንደሚቀላቀል አሳዩ። አለዚያ ሲደርቅም ሲቃጠልም ይሰነጠቃል። ያለ ማሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ እያዞሩ፣ የምታምር ትንሽ ማሰሮ አወጡ። እኛም ጭቃ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲያልፍ ጠባዩ ተለውጦ ወደ ጭቃነት እንደማይመለስ ጨመርን። ከዚያ ተማሪዎቹ እንዲሞክሩ ጋበዝን። ያ በላብ ነገር የተሳቀበት ልጅ ቀድሞ መጣ። ከግማሽ የማይበልጡ ተከተሉት። የክፍሉ አለቃ፣ በትምህርቱ አንደኛ የሚወጣው ልጅ፣ እጆቹን ከኋላው ደበቀ። «አትንካ ተብያለሁ» አለ። ከወደ ኋላ አንድ ሰው «ቡዳ» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሁላችንም ሰማን። ሴትዮዋም ሰሙ። ልጃቸውም ሰማች። እኛ የትምህርት ዕቅዳችንን እንደ ጨበጥን ቆምን። በዕቅዱ ላይ ለዚህ የተመደበ ደቂቃ አልነበረም።

ሥራውን ያስቆሙት መምህሩ ናቸው። አልተቆጡም። «ዛሬ ጧት እንጀራ የበላ እጁን ያውጣ» አሉ። ሁሉም አወጣ። «እንጀራው የተጋገረበትን ምጣድ ማን ሠራው?» አሉ። ዝምታ ሆነ። «በኤሌክትሪክ የምትጋግሩም ብትሆኑ ከላይ ያለው ሸክላ ነው» አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ጭቃውን ያሹ ጀመር። ጥቂት ልጆች ተጨመሩ። ሁሉም ግን አልመጡም።

በማግሥቱ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ቀረች። አንድ አባት መጥተው «ልጄን የላክሁት ፊደል እንዲቆጥር ነው እንጂ ጭቃ እንዲያቦካ አይደለም» ብለው አቤት አሉ። ከበላይ «ወደ መጽሐፋችሁ ተመለሱ» ተባልን። ልጅቷ ሦስት ቀን ቀረች። እኛ እንቅልፍ አጥተን ቤቷ ልንሄድ ስንነሣ መምህሩ «እናንተ ቆዩ፤ እኔ ነኝ የምሄድ» አሉን። 14 ዓመት እዚያ አስተምረዋል፤ ከእኛም በኋላ ይኖራሉ። እዚያ ምን እንደ ተባለ አልነገሩንም። በአራተኛው ቀን ልጅቷ መጣች፤ ያው የኋላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። በዕረፍት ጊዜ ይቅርታ ልንጠይቃት ጠጋ ብንል «ለምን መጀመሪያ እኔን አልጠየቃችሁኝም? እኔ እኮ መሥራት እችላለሁ» አለችን።

ከሰማነው ሁሉ አጥንታችን ድረስ የዘለቀው ይህ ነው። እኛ ልጅቷን ያየናት እንደ ችግር ነበር። ችግሩን የፈራን ሁለታችን ዝም አልን፤ ያላየን የመሰልን አምስታችን ረግጠናት አለፍን። በክፍሉ ውስጥ ከሁላችን የበለጠ ስለ ሸክላ የምታውቀው እሷ እንደሆነች ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

የቀረውን ሥራ የመሩት መምህሩ ናቸው፤ በተግባረ እድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አስገቡት። ተማሪዎቹ 11 ትናንሽ ማሰሮዎች ሠርተው በግቢው ጥግ በኩበትና በጭራሮ አቃጠሉ። አምስቱ ተሰነጠቁ። ለምን እንደ ተሰነጠቁ፣ ስብርባሪውን በእጇ ይዛ፣ ያስረዳችው ልጅቷ ናት። ድምፅዋ ቀጭን ስለሆነ ልጆቹ ለመስማት ቀረብ ማለት ነበረባቸው። በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ደግሞ አንድ እንስራ አፈር ከመቆፈር ጀምሮ እስከ ገበያ ድረስ የሚወስደውን ሰዓት ደምረው፣ ዋጋውን ለዚያ አካፈሉ። የሸክላ ሠሪዋ የሰዓት ዋጋ ድንጋይ ከሚሸከም የቀን ሠራተኛ አንሶ ተገኘ። «ስሌቱ ተሳስቷል» ብለው ደግመው ሠሩት። ያው ሆነ። አቤት ያሉት አባት በቃጠሎው ዕለት አጥር ሥር ቆመው ሲመለከቱ አየናቸው። ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ልጃቸውንም ይዘው አልሄዱም።

ውድ ጓደኞቻችን፣ ከዚህ ተነሥተን የምንላችሁ ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ ፕሮጀክት ስታቅዱ ስለ ጣውላውና ስለ ሚዛኑ ብቻ አታስቡ። ከኅብረተሰቡ ጋር የተሳሰረ ትምህርት ሲባል ከኅብረተሰቡ ዕውቀት ጋር ንቀቱና ፍርሃቱም በር ከፍቶ ይገባል። ለዚያ ደቂቃ መድቡ።

ሁለተኛ፣ ሥራውን ገና ከመጀመሪያው በዚያ ከሚቀረው መምህር ጋር አቅዱ። እኛ መምህሩን የጠራናቸው ለፊርማ ብቻ ነበር።

ሦስተኛ፣ ወላጅ ከመጋበዛችሁ በፊት ልጁን ጠይቁ። ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን የሚያውቀውንም ጠይቁ።

አራተኛ፣ የተጋበዘ ባለሙያ መምህር ነው። ወንበር ይቅረብለት። ጊዜውንም ከሥራው ቀንሶ የመጣ መሆኑን አትርሱ።

ሥራውን ጨርሰናል ለማለት አንደፍርም። ያ አለቃ ልጅ እስከ መጨረሻው ቀን ጭቃውን አልነካም። እኛ ሄደናል፤ ልጅቷ እዚያው ናት። መምህሩም እዚያው ናቸው፤ የምንጽናናው በዚህ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከምታነቡበት ግድግዳ ሥር የቆመችውን እንስራ ከሴትዮዋ የገዛናት ነን፤ በገበያው ዋጋ፣ ሳንከራከር። በየጧቱ ተራ ገብተን ውሃ እንሞላታለን። ጎኗን ዳሰስ አድርጉት፤ ያልበዋል። ጠጡም፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነው።