ስንት ሜትር ይሄዳል?

እኛ አገር በእጅ ተይዞ የሚያበራውን ዕቃ «ባትሪ» እንለዋለን፤ ሆዱ ውስጥ የሚገባውን እውነተኛውን ባትሪ ደግሞ «ድንጋይ»። «ባትሪው ድንጋይ ጨርሷል» ሲባል ግራ የሚገባው ሰው የለም። ፈረንጅ ቢሰማን ይስቅብን ይሆናል፤ እኔ ግን ብርሃን ከድንጋይ ይወጣል ብሎ ያደገ ልጅ ባትሪ ቢወድ አይፈረድበትም ባይ ነኝ።

የእኔ ነገር የጀመረው በአባቴ ባለ ሦስት ድንጋይ ባትሪ ነው። ገላው ቆርቆሮ፣ አናቱ እንደ ዋንጫ የሰፋ፣ ማደሪያው ትራስ ሥር። ሌሊት ውሻ ሲጮህ «ማን ነው?» ከሚለው የአባቴ ድምፅ ቀድሞ ደጅ የሚወጣው እሱ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም እናቴ አውጥታ ከተሰጣው በርበሬ ጎን ፀሐይ ታሞቀዋለች። ሲሞቅ ውስጡ ያለው ኬሚካል ትንሽ ይነቃና ለአንድ ሁለት ምሽት ቢጫ ጭላንጭል ይሰጣል። ፈጽሞ ሲሞትም አይጣልም። ሰብረን ጥቁሩን ዱቄት እናወጣና በቅጠል ጭማቂ ለውሰን የትምህርት ቤቱን ሰሌዳ እናጠቁርበታለን። (ዱቄቱ በአብዛኛው የማንጋኒዝ ውሁድ መሆኑን ያወቅሁት መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው። እጃችሁን ትታጠቡ ነበር ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ።)

ተልተሌ ስመደብ ሻንጣዬ ውስጥ አራት ሸሚዝና ሦስት ባትሪ ነበር። አገሩን ለማያውቅ፦ ከያቤሎ ወደ ምዕራብ ሄዶ ሄዶ፣ መሬቱ ወደ ሰገን ወንዝና ወደ ጨው ባሕር ቆላ ከመውረዱ በፊት የሚገኝ የቦረና ምድር ነው። ከምድር ወገብ የምንርቀው 5 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ፀሐይዋ ስትጠልቅ አታመነታም። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገና እያየህ የነበረው ሰውዬ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ከመጨረሻው ቤት አልፈህ ሃምሳ እርምጃ ከሄድክማ የራስህንም እጅ በግምት ነው የምታገኘው።

ለባትሪ ወዳድ ከዚህ የተሻለ ምደባ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው እንግዳን በቡና ይቀበላል። እኔ በባትሪ እቀበል ጀመር። በየመስከረሙ አዳዲስ መምህራን፣ ነርሶች፣ የግብርና ሠራተኞች ይመጣሉ፤ ገና አቧራቸውን ሳያራግፉ ከከተማው ጫፍ ወስጄ ትልቁን ባትሪ ወደ ማዶው ኮረብታ እለቅባቸዋለሁ። «እህ!» ይላሉ። ከዚያ ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ ያንኑ ይጠይቃሉ፦ «ስንት ሜትር ይሄዳል?» ዋጋው ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ አስቸጋሪ ነው። ብርሃን የትም አይቆምም፤ ከዚያ ኮረብታ ያለፈው ጨረር አሁንም እየሄደ ነው። ታዲያ ካርቶኑ ላይ «600 ሜትር» የሚል የሚጻፈው በምን ሒሳብ ነው? አምራቾች የሚጠቀሙበት የአሜሪካኖች መለኪያ አለ፤ መጀመሪያ የወጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። የባትሪው ብርሃን ደክሞ ሩብ ሉክስ በሚሆንበት ቦታ ላይ ባትሪው «ደረሰ» ይባላል። ሩብ ሉክስ ማለት ደግሞ በጠራ ሌሊት ሙሉ ጨረቃ መሬት ላይ ከምታፈሰው ብርሃን ጋር የሚቀራረብ ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ተነሥቼ ክፍሌ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ያ ሁሉ ፋብሪካ የሚለካው በጨረቃ ነው ለካ!

ሒሳቡም ቀላል ነው። የባትሪውን የካንዴላ ቁጥር ስኩዌር ሩት አውጥተህ በሁለት ታባዛለህ። 10,000 ካንዴላ ከሆነ 200 ሜትር፣ 40,000 ከሆነ 400 ሜትር። ካንዴላና ሉመን ግን እንዳይምታቱብህ። ሉመን እንስራው የያዘው ውሃ ሁሉ ነው፤ ካንዴላ ያው ውሃ በቀጭን ቱቦ ሲወጣ ያለው ግፊት። ወለል ላይ የፈሰሰ እንስራ ቤቱን ሁሉ ያርሳል እንጂ ጎረቤት አይደርስም። አንዳንዱ ባትሪ አናቱን ሲስቡት ብርሃኑ ይጠባል፣ ሲገፉት ይሰፋል፤ ውሃው አይጨምርም፣ ቱቦው ነው የሚለወጠው። ገበያ ላይ «50,000 ሉመን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት፣ ከአንድ ኪሎ ሽንኩርት የሚቀል ባትሪ ካያችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። ጣት የሚያህለው ሊቲየም ድንጋይም፣ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ የደህናው አቅም 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። 9,900 የሚል ተጽፎበት ካገኛችሁት፣ ከጻፈው ሰው በቀር ያንን ያህል የያዘ ነገር የለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በ1899 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሚሴል የሚባል ሰው አሜሪካ ውስጥ የእጅ ባትሪን ፓተንት ሲያወጣ፣ ዕቃው ለአፍታ ብልጭ እያለ ካልሆነ አያበራም ነበር፤ ድንጋዩ ይደክማል። ዛሬ ኪሳችን ያለው ነጭ ብርሃን የተወለደው ሦስት የጃፓን ተወላጆች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ ሰማያዊ ኤልኢዲ መሥራት ስለቻሉ ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል። እንግዶቼ እዚህ ላይ ሲደርሱ ማዛጋት ይጀምራሉ፤ እናንተም ሳትጀምሩ ወደ ሠራሁት በደል ልለፍ።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ በአንድ ጨረቃ የሌለበት ምሽት፣ ሦስት አዲስ መጤዎች አሰልፌ ያንን 600 ሜትሩን ለቀቅሁት። ኮረብታው ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለ በረት ላይ አረፈ። በእሾህ ከታጠረው ውስጥ አርባ ሃምሳ ዓይን በአንዴ ቦግ አለ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። እንግዶቼ አጨበጨቡ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሌላ ዙር አበራሁላቸው። ከብቶቹ ተነሥተው አጥሩን ሲገፉና ጥጃ ሲጮህ ሰማን፤ ያን ጊዜ አጠፋሁና ተበተንን።

በማግስቱ ጠዋት አንድ የቦረና ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ባርሲሳ፣ የማታው መብራት ያንተ ነው?» አሉኝ። ባርሲሳ መምህር ማለት ነው።

«አዎ ኦቦ፣ የእኔ ነው።»

«ላሞቹን አየሃቸው?»

«አየኋቸው።»

«እኔንስ አየኸኝ?»

አላየኋቸውም። የበረቱ በር ላይ ተቀምጠው እየጠበቁ ነበር።

«እኔም ካንተ በኋላ ምንም አላየሁም» አሉ።

አልተቆጡም፤ እንዲያውም ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ያንን ለማፍረስ ግን አንድ ኃይለኛ ብልጭታ ይበቃል። ሽማግሌው በትዕግሥት ያጠራቀሙትን ዓይን ሁለት ጊዜ ዘረፍኳቸው፤ ጅብ በሚዞርበት ሰዓት። ባዮሎጂ የሚያስተምረውም እኔው ነኝ፤ ስለ ዓይን የሚናገረውን ምዕራፍ በየዓመቱ አስተምራለሁ።

ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብለው «ስታበራ መሬቱን አብራ፤ መሬት ዓይን የለውም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ተዋደድን። አንዳንድ ማታ በረታቸው ደጅ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። እሳቸው አያንቱ አይደሉም፤ አያንቱ የሚባሉት የቦረናን ቀን መቁጠሪያ በቃል የሚይዙ የኮከብ ዐዋቂዎች ናቸው። ሆኖም ቡሳን የትኞቹ እንደሆኑ፣ ባሳ መቼ እንደሚወጣ ያሳዩኛል፤ አንዱ እኛ ፕሌያደስ የምንለው የኮከብ እጅብ፣ ሌላው ከሁሉ የሚደምቀው ሲርየስ ነው። አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ገዳ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን አቆጣጠር ለዓለም አስተዋውቋል፤ 12 ወር፣ 354 ቀን ያህል፣ ለቀኖቹም 27 ስም። ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስለሆነ ስሞቹ ወሩ ሳያልቅ ዞረው ይጀምራሉ። ቆጣሪው መንገዱን እንዳይስት ጨረቃ ከነዚህ ኮከቦች ከየትኛው ጎን እንደቆመች ያያል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ያለ አንድ ሉመን ነው፤ እንዲያውም ሉመን የሚያበላሸው ሥራ ነው።

እንግዳ አቀባበሌን ቀየርኩ። ከከተማው ጫፍ እወስዳቸውና «ቁጭ በሉ፣ ስልካችሁንም ኪሳችሁ ክተቱ» እላለሁ። ግማሽ ሰዓት። አንዳንዱ ይሳደባል። አንዲት ነርስ «ለዚህ ነው እንዴ ያመጣኸኝ?» ብላ ጥላኝ ሄዳለች፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታችንም ቀዝቅዟል። የቀሩት ግን መጀመሪያ መንገዱ ይታያቸዋል፣ ከዚያ የእሾህ አጥሩ፣ ከዚያ የጎናቸው ሰው ፊት። ይህን ጊዜ ትንሿን ባትሪ አወጣና በደካማው ብርሃኗ ጆሮዬ ሥር ይዤ ሣሩ ላይ አበራለሁ። ሣሩ ውስጥ ጤዛ የመሰለ አረንጓዴ ነጥብ በየቦታው ያብለጨልጫል። «ጤዛ ነው?» ይላሉ። ጠጋ ብለው ሲያዩት የሸረሪት ዓይን ነው። በ600 ሜትሩ ያጨበጨቡት ሰዎች በነጋታው ረስተውት ነበር፤ ሸረሪቷን ያዩት ግን ደሞዝ ሲወጣ «ጥሩ ባትሪ የት ይገኛል?» እያሉ ይመጡብኛል።

የሪቻርድ ቱሬሬንም ታሪክ የምነግራቸው ያኔ ነው። ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ያደገ የማሳይ ልጅ ነው። አንበሳ የአባቱን ከብት እየበላ ሲያስቸግር፣ ባትሪ ይዞ ሲንቀሳቀስ አንበሳው እንደሚሸሽ ልብ አለ። በ11 ዓመቱ አሮጌ የመኪና ባትሪ፣ የሞተር ሳይክል ፍሬቻና ከተሰበረ የእጅ ባትሪ የወጣ አምፖል ቀጣጥሎ ሰው የሚዞር የሚያስመስል ብልጭታ በአጥሩ ዙሪያ ሠራ። በ2013 እ.ኤ.አ. ቴድ መድረክ ላይ ቆሞ ተናግሮታል። ልጁ የብርሃኑን ብዛት አልጨመረም፤ አንበሳው ምን እንደሚያስብ ነው ያሰበው።

ባለፈው ዓመት የመጣው የፊዚክስ መምህር የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ከሰየሟት ከተማ መጥቶ ባትሪ የለውም! ግማሽ ሰዓቷን በጸጥታ ተቀመጠ፣ ሸረሪቷንም አየ። ከዚያ የካንዴላውን ሒሳብ ስነግረው፣ «ጋሼ፣ ይሄማ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ብርሃኑን አራት እጥፍ ማድረግ ነው» ብሎ እኔኑ አስተማረኝ። ፍቅር የያዘው ያን ማታ መሰለኝ። ቢሆንም ልንገባ ስንል፣ «ትልቁስ ስንት ሜትር ይሄዳል?» አለ።

ከሳምንት በኋላ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በሬ ተንኳኳ። ሽማግሌው ናቸው።

«ባርሲሳ፣ ያንን ጨረቃህን ይዘህ ና።»

ላማቸው ምጥ ላይ ነበረች። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ በረቱ ተራቁቷል፤ ከተረፉት አንዷ እሷ ናት። የፊዚክሱን መምህር ቀስቅሼ ሦስታችን ሄድን። ትልቁን ባትሪ ወደ መጨረሻው ደካማ ብርሃን ዝቅ አድርጌ ለልጁ ሰጠሁት። ሽማግሌው እጁን ይዘው ብርሃኑ ላሟ ዓይን ላይ እንዳያርፍ ወደ መሬቱ አስጎነበሱት። ጥጃው አንድ እግሩ ታጥፎ ነበር። እሳቸው በእጃቸው እየፈለጉ፣ እኔ ገመድ ይዤ፣ ልጁ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት እያበራ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። ጥጃው መሬት ሲነካ ባትሪው ድርግም አለ። ቻርጅ ሳላደርገው ነበር የሰነበተው፤ እንግዲህ ከባትሪ ወዳድ የማይጠበቅ ስህተት ነው። እናትየዋ ስትልስ ድምፁን እየሰማን በጨለማ ቆምን።

ሲነጋጋ ሽማግሌው ባትሪውን ከልጁ ወስደው በጋቢያቸው ጠረጉና ሰጡኝ።

«ድንጋዩ ደክሟል» አሉ። «ፀሐይ ላይ አስጣው።»

ልጁ ወደ እኔ አየ። ሊቲየም እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ይበላሻል፣ አልፎም ይቃጠላል፤ ይህን ራሴ ነግሬዋለሁ።

«እሺ ኦቦ» አልኩና ቤቴ ገብቼ ጣሪያው ላይ ካለችው ሶላር ጋር ሰካሁት።