የበረዶ ሰምና ወርቅ

ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ አስቀድሞ የሚማረው፥ በጆሮ የተሰማው ሁሉ የነገሩ ፍጻሜ እንዳይደለ ነው። ቃሉ ከላይ ሰም ነው፤ ከሥሩ ወርቅ ተኝቷል። ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚደሰት ሰው ባለቅኔው የነገረውን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚህ ስሕተት ግን ማንም አይሞትም፤ መምህሩ ይገሥጸዋል፥ ባልንጀሮቹ ይስቁበታል፥ በማግሥቱም ይማራል። ሰሙን ብቻ ያየ ሰው የሚሞትበት ሌላ ቅኔ በአውሮፓ ተራሮች ላይ አለ። እርሱም በረዶ ነው።

በኦስትሪያ አገር፥ ቲሮልና ፎራርልቤርግ የተባሉት ሁለት አውራጃዎች በሚዋሰኑበት ስፍራ፥ አርልቤርግ የሚባል የተራራ መተላለፊያ ይገኛል። ከመተላለፊያው በስተምሥራቅ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፥ ሳንክት አንቶን የምትባል መንደር ተቀምጣለች። የዚያ አገር ክረምት የዝናም ሳይሆን የበረዶ ነውና፥ ተራራው ነጭ በለበሰበት ወራት ከብዙ አገር የመጣ ሕዝብ ሳንቃውን በትከሻው ተሸክሞ በዚህች መንደር ይርመሰመሳል። ከ2016 ዓመት ጀምሮ ሳንክት አንቶን፥ ሽቱበን፥ ዙርስና ሌክ የተባሉት መንደሮች ሁሉ ሰው በሚያመላልስ የሽቦ ገመድ ስለ ተያያዙ፥ ተዘጋጅቶ የሚጠበቀው የመንሸራተቻ መንገድ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሆኗል። በዚህ ጽሕፈት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አማርኛ ለዚህ ነገር ስም ሲሰጥ ጥቂት ይቸገራል። በኢትዮጵያ ደጋ ከደመና እንደ ጠጠር ወርዶ ሰብል የሚመታውም በረዶ ይባላል፤ በአልፕ ተራሮች ላይ ያለ ድምፅ እየተንሳፈፈ የሚወርደውም በረዶ ይባላል። መጻሕፍት ግን ለሁለተኛው አመዳይ የሚል ስም አላቸው። መዝሙረኛው አመዳይን በባዘቶ እንደ መሰለው ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቃል፤ ቃሉን ከሚያውቁት ውስጥ ነገሩን በዓይኑ ያየ ግን ጥቂት ነው። ምሳሌው ፈጽሞ ትክክል ነው። አዲስ የወረደ አመዳይ አብዛኛው አየር ስለ ሆነ፥ እንደ ተባዘተ ጥጥ ለስላሳና ቀላል ነው፤ ድምፅንም ስለሚውጥ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረበት መንደር ጧት ዝም ይላል።

ነገሩም ከኢትዮጵያ ታሪክ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው የግሪክ መንገደኛ በአዱሊስ ከነበረው የድንጋይ ዙፋን በገለበጠው ጽሕፈት፥ አንድ የአክሱም ንጉሥ የሰሜንን ተራሮች ሰዎች እንዳስገበረ ሲናገር፥ በዚያ ስፍራ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት አመዳይ እንዳለ ይጠቅሳል። በዘመናችንም አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ዓመት በኢጣልያ በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ በስኪ ተወዳድሯል፤ በ2010 ዓመትም በካናዳ በቫንኩቨር ደግሞ ተሰልፏል። የእርሱ ውድድር ከተራራ መውረድ ሳይሆን በበረዶ ላይ ረጅም መንገድ መጓዝ ነበረ፤ በክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ የተሰለፈ የመጀመሪያው ሰውም እርሱ ነው።

ስኪ ማለት ጫፉ ወደ ላይ የቀና ረጅምና ጠባብ ሳንቃ ነው፤ በየእግሩ አንድ አንድ ይታሠራል፤ ጠርዙም በብረት ተለብጧል። ወገቡ ከጫፉና ከጅራቱ ቀጠን ያለ ስለ ሆነ፥ ሰው በጠርዙ ላይ ባዘነበለ ጊዜ ሳንቃው ራሱ በበረዶው ላይ ቅስት እየቀረጸ ይዞራል። ጀማሪ ግን ይህን አያገኘውም። እርሱ የሁለቱን ስኪዎች ጫፍ አቀራርቦ ጅራታቸውን አራርቆ፥ እየተንቀጠቀጠ በቀስታ ይወርዳል። ፈረንጆች ይህን አቋቋም በረዶ በሚጠርግ ማረሻ ስም ይጠሩታል። በከተማው የተከበረ፥ ሲናገር ሰው ሁሉ የሚያዳምጠው ሽማግሌ በዚህ ሜዳ ላይ በጀርባው ወድቆ መነሣት ሲያቅተው፥ የ5 ዓመት ሕፃን እንደ ወፍ በአጠገቡ ያልፋል። ተራራው ለማዕረግ አያዳላም።

ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት ደግሞ ይህ ነው። ሰው ቁልቁለት ባየ ጊዜ ሰውነቱ ሳያማክረው ወደ ኋላ፥ ወደ ተራራው ይደገፋል። ወደ ኋላ የተደገፈ ግን ስኪው ከእጁ እንዳመለጠ ፈረስ ይሄድበታል፥ መዞርም መቆምም ይሳነዋል። መምህሩ ተማሪውን ክብደትህን ወደ ሸለቆው በኩል ባለው እግርህ ላይ ጣል፥ ከምትፈራው ነገር ፊትህን አትመልስ ይለዋል። ተማሪው ይህን ቃል በጆሮው በአንድ ጊዜ ይሰማዋል፤ በጉልበቱ እስኪያምነው ድረስ ግን ቀኖች ያልፋሉ።

ስኖውቦርድ የሚባለው ደግሞ አንድ ሰፊ ሳንቃ ነው። ሰውዬው ሁለት እግሮቹን በእርሱ ላይ ጠፍሮ፥ ፊቱን ሳይሆን ጎኑን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥቶ ይወርዳል። የዚህ ጨዋታ ጅማሬ ከአባት ፍቅር የተገኘ ነው። በ1965 ዓመት በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ሸርማን ፖፐን የተባለ ሰው ልጆቹን ለማጫወት ብሎ ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አጋጥሞ አሠራቸው። ከዚያ የተነሣው ሳንቃ እየተሻሻለ ሄዶ፥ በብዙ ስፍራ አስቀድሞ በሥርዓት አጥፊነት ተከልክሎ ከቆየ በኋላ፥ በ1998 ዓመት በጃፓን በናጋኖ ወደ ኦሊምፒክ ገባ። ዛሬ በአርልቤርግ ባለ ሁለት ሳንቃና ባለ አንድ ሳንቃ በአንድ መንገድ ይወርዳሉ።

ይህ ሁሉ ደስታ ግን የተተከለው በሞት ስፍራ ላይ ነው። ከሳንክት አንቶን በላይ፥ በመተላለፊያው አናት አጠገብ፥ ሳንክት ክሪስቶፍ የሚባል ትንሽ ስፍራ አለ። በድሮ ዘመን ተራራውን በክረምት የሚሻገር ነጋዴና ተሳላሚ በዚያ በውርጭና በናዳ ያልቅ ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት በአካባቢው እሪያ የሚጠብቅ አንድ ድሀ ነበረ፤ ስሙ ሄንሪክ ፊንደልኪንድ ይባላል፤ ፊንደልኪንድ ማለት ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ማለት ነው። አባትና እናት ያላወቀው ይህ ሰው፥ ከተራራው የሚወርደውን የመንገደኞች ሬሳ እያየ ዓመታት አሳለፈ። በኋላም በ10 ዓመት ሎሌነት ያጠራቀመውን 15 ጉልደን አውጥቶ ለመንገደኛ መጠጊያ ቤት የሚሠራ እንደ ሆነ ጠየቀ፤ የሰማውም ባለጸጋ ሁሉ ቸል አለው። ስለዚህ እርሱ ራሱ በ1385 ዓመት መጨረሻ ከመስፍኑ ከ3ኛው ሌዎፖልድ ፈቃድ ተቀብሎ፥ በ1386 ዓመት ቤቱን ሠራ። ማታ ማታ ከባልንጀራው ጋር ወጥቶ በበረዶው ውስጥ እየተጣራ፥ የወደቀ ሰው ባገኘ ጊዜ ተሸክሞ ወደ እሳቱ ያገባው ነበር። በመጀመሪያው ክረምት 7 ነፍስ እንዳዳነ ተጽፏል። ቤቱን ለማቆየትም በየአገሩ እየዞረ ምጽዋት ሰበሰበ፤ የሰጪዎቹም ማኅበር በቅዱስ ክሪስቶፎሮስ ስም ተመሠረተ።

በ1884 ዓመት ከ10 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የባቡር ዋሻ ከተራራው ሥር ተፈልፍሎ ሲከፈት፥ መንገደኛው በምድር ውስጥ ያልፍ ጀመር፤ በላይ ያለው መንገድም ጭር አለ። ይሁን እንጂ ቤቱ ሥራ አልፈታም። በ1901 ዓመት በጥር ወር መጀመሪያ፥ ስኪ የሚወዱ ጥቂት ወዳጆች በዚያው ቤት ተሰብስበው የአርልቤርግን የስኪ ማኅበር መሠረቱ። በረዶን ለሚሸሹ የተሠራው ቤት በረዶን ለሚፈልጉ ማኅፀን ሆነ። ቤቱ በ1957 ዓመት በእሳት ቢጠፋም እንደ ገና ተሠርቷል፤ የክሪስቶፎሮስ ማኅበርም እስከ ዛሬ ድረስ ችግረኛ ቤተ ሰቦችን ይረዳል።

ቤቱን ያቆመው ድሀ ከሆነ፥ ትምህርቱን ያቆመው የዚያው ተራራ ልጅ ሃነስ ሽናይደር ነው። በ1890 ዓመት በሽቱበን ተወልዶ፥ ገና በ17 ዓመቱ በሳንክት አንቶን የእንግዶች አስተማሪ ሆነ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ትምህርት ቤት ከፍቶ፥ ተማሪውን እንደ ችሎታው በክፍል በክፍል ለይቶ፥ ከማረሻው አቋቋም እስከ ፈጣኑ መዞር ድረስ በደረጃ የሚያወጣ ሥርዓት ሠራ። ከግዕዝ ቆጠራ ተነሥቶ ወደ ጉባኤ ቃና፥ ከጉባኤ ቃናም ወደ መወድስ የሚወጣ ተማሪ የዚህን ሥርዓት ጥቅም ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል። ሥርዓቱ በአርልቤርግ ስም በዓለም ታወቀ። ነገር ግን በ1938 ዓመት ናዚዎች ኦስትሪያን በያዙ ጊዜ ሽናይደር የእነርሱ ደጋፊ አልነበረምና ታሠረ፤ በ1939 ዓመትም ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ1955 ዓመት በዚያው ዐረፈ። ሺህ ሰው በገዛ ተራራው ላይ መቆምን ያስተማረ መምህር፥ በዚያ ተራራ ላይ መቆም ተከለከለ።

አሁን ወደ ሰምና ወርቁ እንመለስ። በረዶ በአንድ ጊዜ አይወርድም፤ በየማዕበሉ እየወረደ ድርብ በድርብ ይተኛል። ከነዚህ ድርቦች አንዱ በብርድ ብዛት ጠባዩን ለውጦ እንደ ስኳር ፍሬ ተፈረካካሽ ይሆናል። በላዩ ነፋስ ያመጣው ጠንካራ ድርብ ሲነጠፍበት፥ ፊቱ ለስላሳና ያማረ፥ ማንም ያልረገጠው ሜዳ ሆኖ ይታያል። ቁልቁለቱ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነበት ስፍራ አንድ ሰው በዚህ ላይ ሲያልፍ፥ የተደበቀው ድርብ ይሰበራል፤ ሜዳውም እንዳለ ተቆርጦ ይሄዳል። ለመዝናናት ወጥተው በናዳ ከሚሞቱት ውስጥ አብዛኞቹ ናዳውን ያስነሡት ራሳቸው ወይም ባልንጀሮቻቸው ናቸው። የተቀበረውን ሰው ለማዳን ያለው ጊዜ በደቂቃ ይቈጠራል፤ ሩብ ሰዓት ካለፈ ተስፋው በፍጥነት ይመነምናል። አንዳንድ ጊዜም ናዳው የተጠነቀቀውን ሰው በቤቱ ያገኘዋል። በ1999 ዓመት በየካቲት ወር፥ ከአርልቤርግ ብዙ በማይርቀው በጋልቱር መንደር ላይ የወረደው ናዳ 31 ሰዎችን ገድሏል።

ስለዚህ የተራራው ሰዎች በረዶን ሳያነቡ አይወጡም። ጕድጓድ ቆፍረው ድርቡን አንድ ባንድ ይመረምራሉ፤ አደጋውን ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ቍጥር መድበው በየጧቱ ያስታውቃሉ፤ ሕዝቡ ሳይነሣ በድማሚት ናዳውን አስቀድመው ያወርዱታል። በመንገዱም ዳር ምልክት ይተክላሉ፤ ሰማያዊው የቀላሉ፥ ቀዩ የመካከለኛው፥ ጥቁሩ የአስቸጋሪው ነው። ከምልክቱ ውጭ የሚወጣ ጐበዝ ደግሞ ምልክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ በደረቱ ይታጠቃል፥ መፈለጊያ ዘንግና አካፋም በጀርባው ይይዛል። በዚህ ውስጥ አንድ የሚያስተውሉት ነገር አለ። ዘንጉና አካፋው የተቀበረውን ሰው ራሱን አያወጡትም፤ የሚያወጡት ባልንጀራውን ነው። ሰው እነዚህን በገንዘቡ ገዝቶ የሚሸከመው ለሌላው ነፍስ ነው፤ የራሱ ነፍስ ደግሞ በሌላው ጀርባ ላይ ትሄዳለች።

ቫሉጋ የሚባለው ከ2,800 ሜትር በላይ የሚደርስ ጫፍ ከመንደሩ በላይ ይታያል። እስከ ጫፉ የሚያደርስ ትንሽ ሠረገላ በሽቦ ገመድ ተሰቅሎ ይወጣል። ለማየት ብቻ የመጣ ሰው ያለ ከልካይ ይሳፈራል። ስኪውን ይዞ ለመውረድ የሚሻ ግን የተራራ መሪ ከሌለው አይፈቀድለትም። ይህ ሕግ ብዙ ወጣቶችን ያስቈጣል፤ ተራራ ነጻ አይደለምን፥ ጉልበትስ የራሴ አይደለምን ይላሉ። ጉልበታቸው የራሳቸው መሆኑ እውነት ነው። ቢቀበሩ ግን በሌሊት መብራት ይዘው፥ ሌላ ናዳ በሚያሰጋበት ቁልቁለት ላይ የሚፈልጓቸው የሌላ እናት ልጆች ናቸው።

በአርልቤርግ ደስታ መኖሩን የሚነቅፍ አስተዋይ የለም። ከተራራ እንደ ወፍ መውረድ ለሰው ልጅ የተሰጠ መልካም ነገር ነው፤ ተግሣጽ የማይገባውም ነው። ሆኖም በዚያ የሚደሰት ሁሉ፥ ባለጸጋም ቢሆን፥ የእሪያ ጠባቂውን 15 ጉልደን ተበድሮ እንደሚደሰት ቢያውቅ ይገባዋል። ማታ ገመዶቹ ሲቆሙና የመጨረሻው ሳንቃ ወደ መንደሩ ሲወርድ፥ በሳንክት ክሪስቶፍ መስኮት ላይ መብራት ይበራል። በላይ ያለው ነጭ ሜዳ ሰም ነው፤ ፀሐይ በወጣች ጊዜ ይቀልጣል። በጨለማ ወጥቶ የወደቀውን የሚጣራው ድምፅ ግን ከ600 ዓመት በላይ አልቀለጠም።